ሚያዝያ 27፦ አዲስ አበባ የተያዘችበትና ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበት ዕለት

ሚያዝያ 27 ቀን በየዓመቱ የአርበኞች የድል መታሰቢያ በዓል ሆኖ የሚከበር ሕዝባዊ በዓል ነው። በዓሉ የሚዘክረው ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ አዲስ አበባ የገቡበትን የ1933 ዓ.ም. ዕለት ሲሆን፣ ይኸው ዕለት በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ዋና ከተማዋን የያዘበት ቀን ነበር። በመሆኑም ውርደቱና ድሉ በአንድ ቀን ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 5 ላይ ይውላል። ጳጉሜን ስድስት ቀን በምትሆንበት ጊዜ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት ቀናት ከአውሮፓው አቆጣጠር ጋር ሲነጻጸሩ በአንድ ቀን ሲገፉ፣ ሚያዝያ ግን ስለማይነካ፣ የውጭ መጻሕፍትም ሁለቱን ድርጊቶች በአንድ ቀን ሥር ይመዘግቧቸዋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 27 የመድኃኔ ዓለም ወርኃዊ መታሰቢያ ስለሆነ፣ ብዙ ምዕመናን የነጻነቱን መመለስ ከዚሁ ጋር አያይዘው ይናገራሉ።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 27 ከማይጨው ይጀምራል። የኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ወረራውን ከጀመረ በኋላ፣ በሰሜኑ ግንባር የተዋጉት የኢትዮጵያ ሠራዊቶች በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጋዝ እየተመቱ አንድ በአንድ ተበተኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመሩት የመጨረሻው ትልቅ ውጊያ መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ተካሂዶ በሽንፈት ተጠናቀቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በመኳንንቱ ምክር ላይ የቀረበው ጥያቄ፣ መንግሥቱ ወደ ምዕራብ አፈግፍጎ ውጊያውን ይቀጥል ወይስ ንጉሡ ጄኔቭ ሄደው ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ የሚል ነበር። ከመሄድ መቅረት ይሻላል ብለው አጥብቀው ከተከራከሩት መካከል ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ይገኙበታል፤ የአብዛኛው ምክር ግን ወደ መሄዱ አዘነበለ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተሰባቸው ጋር በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ይህን ጉዞ ስደት የሚሉት አሉ፤ ሽሽት የሚሉትም አሉ። በሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ የተሰማው አቤቱታ የኢትዮጵያን ጉዳይ በዓለም ፊት ሕያው አድርጎ እንዳቆየው ግን አይካድም።

ከሚያዝያ 24 እስከ 27 ያሉት ቀናት በከተማዋ ታሪክ እጅግ ጨለማ ከሆኑት ውስጥ ናቸው። መንግሥት በሌለበት ከተማ ዝርፊያና ቃጠሎ ተነሣ፤ ሱቆች ተሰበሩ፣ በርካታ ቤቶችም ጋዩ። የውጭ አገር ዜጎች በእንግሊዝ ለጋሲዮን (የዲፕሎማቶች መሥሪያ ቤት) እና በሌሎች ለጋሲዮኖች ቅጥር ተጠለሉ። ኢጣሊያኖች ይህን ሁኔታ ከተማዋን ከሥርዓት አልበኝነት ለማዳን እንደመጡ አድርገው ለማስወራት ተጠቅመውበታል።

የማርሻል ፔትሮ ባዶሊዮ የሞተር ጦር በበኩሉ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይገሰግስ ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ካሚዮኖች ያሉበት ይህ ሰልፍ በጦርሜዳ ከገጠመው መከላከል ይልቅ ጣርማ በር ላይ የደረሰበት ፈተና የበረታ ነበር። የኢትዮጵያ ሰዎች መንገዱን ቆርጠውት ነበር፤ የበልጉ ዝናብ ደግሞ መሬቱን ወደ ጭቃ ለውጦት ስለነበር፣ ወታደሮችና ሠራተኞች ድንጋይ እየደለደሉ መኪኖቹን በእጅ ይገፉ ነበር። በእግር ይጓዙ የነበሩ ኤርትራውያን አስካሪዎች (የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ወታደሮች) ቀድመው ከከተማዋ ዳርቻ ደርሰው ቢቆሙም፣ የመግባቱ ክብር ለማርሻሉ እንዲቆይ ተደርጓል። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። በዚያኑ ምሽት ቤኒቶ ሙሶሊኒ በሮም ከፓላዞ ቬኔዚያ ሰገነት ላይ ሆኖ ጦርነቱ ማብቃቱን ለሕዝቡ አወጀ፤ ከአራት ቀን በኋላም ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ ተሰየመ።

ጦርነቱ ግን አላበቃም ነበር። በሁለቱ ሚያዝያ 27 ቀናት መካከል ያሉት ዓመታት በሕዝቡ አነጋገር "የጣሊያን ጊዜ" ወይም "አምስቱ የመከራ ዓመታት" ይባላሉ። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በኢጣሊያው እንደራሴ በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ ለሦስት ቀናት በተካሄደው ጭፍጨፋ የሞተው ሕዝብ፣ በኢትዮጵያ መንግሥት ቁጥር 30,000 ይደርሳል፤ የውጭ ተመራማሪዎች ከዚህ ያነሱና እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ቁጥሮችን ያቀርባሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ።

በየአውራጃው ዱር ቤቴ ያሉት አርበኞች በሸዋ በአበበ አረጋይ፣ በጎጃም በበላይ ዘለቀ፣ በደቡብ ምዕራብ በገረሱ ዱኪ፣ በጎንደር በአሞራው ውብነህ መሪነት ጠላት ከከተማና ከምሽግ ርቆ በሰላም እንዳያድር አድርገዋል። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች በከተማ ተቀምጠው መረጃ፣ ጥይትና መድኃኒት ወደ ጫካ ያሻግሩ ነበር። የእነዚህ ሰዎች ታሪክ በአብዛኛው በቃል፣ በፉከራና በቀረርቶ የተላለፈ በመሆኑ፣ በጽሑፍ የተመዘገበው ከሠሩት ሥራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ሚያዝያ 27 ከመጀመሪያው በላቀ ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፊዎችም፣ የእንግሊዝ መኮንኖችም፣ ጋዜጠኞችም በቦታው ነበሩና። ኢጣሊያ በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ በስደት ይኖሩ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት በግብፅ በኩል ወደ ካርቱም መጡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የሱዳንን ድንበር ተሻግረው በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከዚያ በእንግሊዛዊው ኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን ወታደሮች ያሉበት የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የጠላት ጦር እያስጨነቀ ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋ። ግመሎቹ የጎጃምን ብርድና ዳገት አልቻሉትም፤ በመንገድ ላይ እየወደቁ አለቁ፤ ጉዞው ግን አልቆመም።

መጋቢት 28 ቀን ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ሆኑ። ከኬንያ ተነሥቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል የገሰገሰው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር አዲስ አበባን ሲረከብ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከዚህ በኋላ ወደ ዋና ከተማቸው ለመግባት አንድ ወር ገደማ መጠበቅ ነበረባቸው። የእንግሊዝ አዛዦች የሰጡት ምክንያት በከተማዋ ባሉት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ላይ በቀል እንዳይነሣ የሚል ነበር። ኢትዮጵያውያን ጸሐፊዎች መዘግየቱን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነው፤ እንግሊዞች አገሪቱን ከጠላት እንደተያዘ ግዛት ሊያስተዳድሩ አስበው ነበር ይላሉ። የተቋቋመው ወታደራዊ አስተዳደር ስያሜ ("የተያዘ የጠላት ግዛት አስተዳደር") እና ኋላ የተነሣው የሥልጣን ውዝግብ ለዚህ አስተያየት ጠንካራ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ሰልፉን ዊንጌት በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ይመራ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በአውቶሞቢል ተከተሉ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ጎፈሬያቸውን እንዳበጠሩ፣ ምንሽራቸውን እንደያዙ በመንገዱ ዳርና ዳር ቆመው ነበር። ለአምስት ዓመት ከጫካ ያልወጡት እነዚህ ሰዎች በዚያ ሰዓት ለተመልካቹ ምን እንደሚመስሉ ከፎቶግራፎቹ ማየት ይቻላል፤ ልብሳቸው ያለቀ፣ ፀጉራቸው ትከሻቸውን የነካ፣ ከጠላት የማረኩትን ዝናር የታጠቁ ነበሩ። ሕዝቡ መሬት እየሳመ፣ እልል እያለ፣ እያለቀሰ ተቀበላቸው። በቤተ መንግሥት ጄኔራል ካኒንግሃም ሲቀበላቸው መድፍ ተተኮሰ።

በዕለቱ ያደረጉት ንግግር እስከ ዛሬ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። ኢትዮጵያ በደስታና በምስጋና እጆቿን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋበት ቀን መሆኑን ከተናገሩ በኋላ፣ ሕዝባቸው ክፉን በክፉ እንዳይመልስና ጠላት የሠራውን ዓይነት ግፍ እንዳይፈጽም አዘዙ። ከየካቲት 12 ገና አራት ዓመት ብቻ ባለፈባት ከተማ ይህ ቃል ተከብሮ፣ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች ለጅምላ በቀል ሳይዳረጉ መቅረታቸው የሕዝቡን ጨዋነት ያስመሰከረ ድርጊት ነው። ከኢጣሊያውያኑ ብዙዎቹ በኋላ ከአገር ሲወጡ፣ ጥቂቶቹ በሙያቸው እየሠሩ በዚሁ ቀርተዋል።

ዕለቱ የጦርነቱ መጨረሻ አልነበረም። የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን በአምባላጌ እጁን የሰጠው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ የመጨረሻው የኢጣሊያ ምሽግ ጎንደር የተያዘው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከእንግሊዝ ጋር የኢትዮጵያን መንግሥት ሥልጣን የሚያውቀው ስምምነት የተፈረመውም ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ነበር።

በአርበኛ፣ በስደተኛና በባንዳ መካከል የነበረው የሹመትና የክብር ቅሬታም ከድሉ በኋላ ለብዙ ጊዜ ዘልቋል። አርበኛው ጫካ አድሮ ባዶ እጁን ሲገባ፣ ለጠላት ያደረ ሰው ሹመት ይዞ ተገኘ የሚለው አቤቱታ በዘመኑ በሰፊው ይሰማ ነበር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በዐመፅ ተከሰው በጥር 1937 ዓ.ም. መሰቀላቸው በጎጃም እስከ ዛሬ ያልሻረ ቁስል ነው።

የበዓሉ ቀን ራሱ አከራክሯል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሚያዝያ 27 የነጻነት በዓል ሆኖ ሲከበር ቆይቶ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ድሉ ከንጉሡ መመለስ ጋር እንዳይያያዝ ሲባል በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ይሁንና መጋቢት 28 የእንግሊዝ አዛዦች ከተማዋን የተረከቡበት ቀን በመሆኑ፣ ለውጡ አርበኛውን ከቀድሞው ይበልጥ አላከበረም። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። ስያሜውንም በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ በቅኝ ግዛት ስላልተገዛች "ነጻነት" ከማለት ይልቅ "የአርበኞች ድል" ማለት ይገባል የሚለው አስተያየት እያየለ ሄዶ አሁን የተለመደው አጠራር ሆኗል።

ዋናው ሥነ ሥርዓት የሚካሄደው በአዲስ አበባ አራት ኪሎ፣ በድል ሐውልቱ ሥር ነው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባላት የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻና ጦር ይዘው፣ ሜዳይ ደርድረው ይሰለፋሉ፤ የማርሽ ባንድ ይጫወታል፤ ባለሥልጣናት የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ፤ ሽለላና ፉከራ ይሰማል። በሕይወት ያሉ አርበኞች እጅግ እየተመናመኑ በመሄዳቸው፣ በሰልፉ ላይ የአባቶቻቸውንና የአያቶቻቸውን ኒሻን በደረታቸው ያጠለቁ ልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር ከዓመት ዓመት ጨምሯል። ሐውልቱ የቆመበት አደባባይ ስሙ ሚያዝያ 27 አደባባይ ነው፤ የታክሲ ረዳቱም ተሳፋሪውም የሚጠሩት ግን አራት ኪሎ ብለው ነው።