ኖይዝ ፊገር ምንድን ነው?

በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ በኩል ከአዲስ አበባ የሚወጣ ሰው በየቆርቆሮ ጣሪያው ላይ ዲሽ ተተክሎ ያያል። በዲሹ ክንድ ጫፍ በተገጠመው ኤል ኤን ቢ፣ ማለትም ከሳተላይት የመጣውን ደካማ ሲግናል በሚያጎላው ዕቃ፣ ላይ ብዙውን ጊዜ «0.1 ዴሲቤል» ተብሎ ተጽፏል፤ ዴሲቤል ምጣኔን በሎጋሪዝም የሚገልጽ መለኪያ ነው። ይህ ቁጥር ኖይዝ ፊገር ይባላል፤ በውስጡ ያለው ማጉያ ከራሱ የሚጨምረው ኖይዝ፣ ማለትም ጫጫታ፣ በሲግናሉና በኖይዙ መካከል ያለውን ምጣኔ ምን ያህል እንዳበላሸው ይገልጻል።

የኖይዙ ዋና ምንጭ ሙቀት ነው። ተመራማሪዎቹ ጆንሰንና ናይክዊስት በ1928 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ማንኛውም ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) ከባትሪ ጋር ሳይገናኝ እንኳ በሙቀቱ ብቻ ኖይዝ ያመነጫል። ኖይዝ ፊገርም ወደ ኬልቪን፣ ማለትም ወደ ሙቀት መለኪያ፣ ሊመለስ ይችላል፤ መነሻው 290 ኬልቪን ሲሆን 1 ዴሲቤል የ75 ኬልቪን፣ 0.1 ዴሲቤል ደግሞ የ7 ኬልቪን ገደማ ጭማሪ ነው። ኢትዮሳትን ለመቀበል ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ የዞረ ዲሽ በአዲስ አበባ ዙሪያ ሲተከል ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ስለሚል፣ የሚያየው ሞቃቱን መሬት ሳይሆን ቀዝቃዛውን ሰማይ ነው፤ በመሆኑም ማጉያው የሚጨምረው እያንዳንዱ ኬልቪን ጎልቶ ይታያል። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ግን ሰማዩ ራሱ ስለሚጮኽ ለዝቅተኛ ኖይዝ ፊገር ገንዘብ ማፍሰስ ብዙም አያዋጣም።

የክፍሎችን ምርጫና ቅደም ተከተል የሚወስነው ፍሪስ የተባለ መሐንዲስ በ1944 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ነው፤ ከመጀመሪያው ማጉያ ቀጥሎ የሚመጣው ኖይዝ ሁሉ ለዚያ ማጉያ የማጉላት መጠን ይካፈላል። ለምሳሌ 0.5 ዴሲቤል ኖይዝ ፊገርና 20 ዴሲቤል የማጉላት አቅም ያለው ማጉያ፣ 3 ዴሲቤል የሚያባክን ኬብልና 10 ዴሲቤል ኖይዝ ፊገር ያለው ሪሲቨር አሉን እንበል። ማጉያው ከኬብሉ በፊት ከተቀመጠ ጠቅላላው 1.2 ዴሲቤል ገደማ ይሆናል፤ ከኬብሉ በኋላ ከተቀመጠ ግን ወደ 3.8 ይወጣል። ዕቃው ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

ትራንዚስተር ሲመረጥም በዳታሺቱ (አምራቹ በሚያወጣው የመረጃ ሰነድ) ፊት ገጽ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር የሚገኘው በተወሰነ ድግግሞሽ፣ በተወሰነ ከረንትና በተወሰነ የምንጭ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ከረንት በሚኖረው ተቃውሞ) ብቻ መሆኑ መታወስ አለበት፤ ይህ ኢምፒዳንስ ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ከሚያስተላልፈው ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም። ለዚህ ሥራ የሚውሉ ትራንዚስተሮች በ12 ጊጋኸርዝ ላይ ለብቻቸው 0.3 ዴሲቤል ገደማ እያሳዩ፣ ሙሉው ኤል ኤን ቢ 0.1 ነው መባሉን እኔ በበኩሌ አላምነውም። በማጉያው ግቤት በኩል ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ከገባ ብክነቱ አነስተኛ መሆን አለበት፤ እዚያ የጠፋው 0.2 ዴሲቤል በቀጥታ ኖይዝ ፊገሩ ላይ ይደመራልና።

ጣሪያው ላይ ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። ከኤል ኤን ቢው በስተኋላ ያለው የኬብል ማያያዣ ቢዝግ፣ ሲግናሉ ቀድሞ 50 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለጎላ፣ ኖይዙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም ነው። ፊት ለፊት ያለው የፕላስቲክ ክዳን በፀሐይ ተሰንጥቆ የክረምት ውኃ ከገባበት ግን ብክነቱ ከመጀመሪያው ትራንዚስተር በፊት ስለሆነ ምንም ዓይነት ምርጥ ትራንዚስተር አያካክሰውም።