ያገለገለ አውቶማቲክ ሰዓት ስትገዙ፦ የሚባለውና እውነታው

አውቶማቲክ ሰዓት ማለት ያለ ባትሪ፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ነው። ያገለገለ ሮሌክስ ወይም ኦሜጋ ልገዛ ነው ካላችሁ መካሪው ብዙ ነው። የምክሩ ግማሽ ግን ኪስ ያራቁታል።

«የሰከንድ ቆጣሪው ሳይቆራረጥ ከተንሸራተተ ኦሪጅናል ነው»

ብዙ ሰው ያስበላው ይሄኛው ነው። ድሮ ፎርጅዱ በባትሪ ስለሚሠራ በሰከንድ አንዴ ቀጭ ይል ነበር። ዛሬ ግን ፎርጅዱም አውቶማቲክ ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ የስዊስ ማሽኖች በሰዓት 28,800 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 8 ጊዜ ይመታሉ፤ ቆጣሪው የሚንሸራተት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ርካሽ የቻይና ማሽንም እዚያው ይደርሳል። በዚያ ላይ ሮሌክስ ራሱ ኦይስተርኳርትዝ የሚባል ባለባትሪ ሰዓት ሠርቷል። እሱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ግን ኦሪጅናል ነው። ስለዚህ ጀርባው ተከፍቶ ማሽኑን ሰዓት ሠሪ ይየው። ሻጩ «አይከፈትም» ካለኝ እኔ ቡናዬን ጨርሼ እሄዳለሁ።

«ሳጥንና ወረቀት ካለው ምን ቀረው?»

ሳጥኑ ለብቻው ይሸጣል፣ የዋስትና ካርዱም ፎርጅድ ይሠራል። የካርዱና የሰዓቱ ቁጥር ቢገጥም እንኳ ከማን እጅ እንደመጣ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የአፄ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለ የፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ ሊያጫርት አቅዶ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ስለተነሳበት ከጨረታው አወጣው። ትልቅ አጫራች ላይ የደረሰ ጣጣ እናንተ ላይም ሊደርስ ይችላል።

«ፖሊሽ ተደርጎ ካበራ ይሻላል»

ፖሊሽ ብረት ይበላል። ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ጭረቱ ይሻላል።

«300 ሜትር ይላል፣ እዋኝበታለሁ»

ቁጥሩ ውሃ የመቋቋም አቅሙ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው። ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ ያረጃል፣ ላብና ሳሙናም ይጎዳዋል። ጀርባው በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አዘጋጉ ወሳኝ ነው። የግፊት ምርመራ ሳይደረግለት ገንዳ አታስገቡት።

«አውልቄው አደረና ቆመ፣ ተበላሽቷል»

ሙሉ ተሞልቶ ከነበረና በአንድ ሌሊት ከቆመ፣ አዎ፣ ችግር አለ። የሮሌክስ 3135 ማሽን ወደ 48 ሰዓት፣ አዲሱ 3235 ወደ 70 ሰዓት ይቆያል። ቅዳሜና እሁድን መሳቢያ ውስጥ ከርሞ ሰኞ ቢቆም ግን ምንም አልሆነም። በመሙያው ሙሉትና እሰሩት።

«ዋጋው ሁሌም ይጨምራል»

እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ላይ ዋጋው ጣሪያ ነክቶ የገዙ ሰዎችን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ወረደ። ሰርቪስም አለ፦ ኦሜጋ በየ5 እስከ 8 ዓመት፣ ሮሌክስ በየ10 ዓመት ገደማ ይመክራሉ። የመጨረሻው ሰርቪስ ደረሰኝ ከሌለ፣ አልተደረገም ብላችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።