ቫይቫክስ ወባና ለጋ የደም ሴሎች፦ የሚባለውና እውነታው

«ወባ ያገኘውን ቀይ የደም ሴል ሁሉ ይወራል።»

ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ተውሳክ ልክ ነው፤ እሱ ለጋ ያረጀ ብሎ አይመርጥም። በአገራችን በስፋት ያለው ሌላኛው የወባ ተውሳክ ቫይቫክስ ግን መራጭ ነው። የሚፈልገው በቅርቡ ከመቅኔ የወጡትን ለጋ ሴሎች፣ ሬቲኩሎሳይቶችን ነው። እነሱ ደግሞ በጤናማ አዋቂ ደም ውስጥ ከቀይ የደም ሴሎች 1 ወይም 2 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው።

ታዲያ በምን ይለያቸዋል? በመዳሰስ ነው። ለጋ ሴል ሄሞግሎቢን እየሠራ ስለሆነ ብረት ይፈልጋል። ብረቱን የሚያስገባለት ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ አለ። ሴሉ ሲበስል ይህን ፕሮቲን ያራግፈዋል። ቫይቫክስ በራሱ ፕሮቲን የሚይዘው ይህንኑ እንደሆነ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ለጋነታቸው ነው ያጋለጣቸው!

«ሴሉን በስቶ ነው የሚገባው።»

አይበሳም። ከሴሉ ጋር ጥብቅ ቀለበት ሠርቶ ይንሸራተታል፤ የሴሉ ሽፋንም እየተጠቀለለበት ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። ሴሉ የሚፈነዳው በኋላ፣ ከ48 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ የተራቡት አዳዲስ ተውሳኮች ሲወጡ ነው። ብርድ ብርድ የሚለንና የሚያተኩሰን ያኔ ነው።

«አፍሪካዊ ቫይቫክስ አይዘውም።»

ይህ ከባዶ አልተነሳም። ቫይቫክስ ለመግባት ዳፊ የሚባል ሌላ ፕሮቲንም ይጠቀማል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የለውም። በ1976 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ዳፊ ያለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያም በላይ፣ ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ተይዘው እዚሁ አገራችንና ማዳጋስካር ውስጥ ተገኝተዋል። እንዴት እንደሚገባባቸው ገና እየተጠና ነው።

«በማይክሮስኮፕ ጥቂት ከታየ ቀላል ነው።»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጥቂት የሚታየው የሚወረው ሴል ጥቂት ስለሆነ ነው። ለጋ ሴሎች በሚበዙበት መቅኔና በጣፊያ ውስጥ ግን ሊደበቅ ይችላል። ያልተወረሩ ሴሎችም አብረው ስለሚጠፉ የደም ማነስ ያስከትላል፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ክፉኛ ይጎዳል።

«ወባዬ ተነሳብኝ፤ ትንኝ ደግማ ነድፋኝ ነው።»

ሊሆን ይችላል። ግን ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም ይነሳል። ክሎሮኪን የሚባለው የወባ መድኃኒት ደም ውስጥ ያለውን እንጂ ጉበት ውስጥ የተኛውን አይነካም። ለእሱ ፕሪማኪን ይሰጣል፤ ግን ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሰውን ሰው ደም ሊያፈርስ ስለሚችል ከጎረቤት የተረፈውን መዋጥ አይሆንም። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።