ቆርጦ መለጠፍ፦ የቁጥር ቅደም ተከተል በአዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች

ቆርጦ መለጠፍ ትንንሽ ልጆች የቁጥርን ቅደም ተከተል በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ዘዴ ነው። ልጁ ቁጥሮችን በመቀስ ይቆርጣል፣ በተራ ይደረድራል፣ ከዚያ ይለጥፋል። እንደ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ባሉ ሰፈሮች ላለ ኬጂ በጣም ይመቻል። ውድ መጫወቻ ባይኖር እንኳ ካርቶን ከየሱቁ አይጠፋም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል እ.ኤ.አ. በ1837 ያስጀመረው የሕፃናት ትምህርት ወረቀት ማጠፍንና መቁረጥን ይጨምራል።

ለምን መቁረጥ አስፈለገ? ብዙ ልጅ እስከ ሃያ ያለምንም ችግር ያወርደዋል። «ከሰባት ቀጥሎ ስንት ይመጣል?» ሲባል ግን ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። የያዘው ዜማውን ነዋ! የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል እ.ኤ.አ. በ1978 የመቁጠርን መርሆች ሲዘረዝሩ ቅደም ተከተሉ አለመለዋወጡን አንዱ መርህ አድርገው ያዙ። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ቁጥር ብቻ መስጠትም አለ። የመጨረሻው ቁጥር የጠቅላላውን ብዛት እንደሚናገር ማወቅም አለ። ዜማ የሚያስይዘው ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው። ስለዚህ በየካርዱ ላይ ከቁጥሩ ሥር በልኩ ነጥብ ማድረግ ወይም ባቄላ ማስደርደር ይበጃል።

ለቁጥሮቹ ፎቶ ኮፒ ቤት መሮጥ የግድ አይደለም። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር ይበቃል። በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያለው ወር ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ከአንድ ገጽ ከ1 እስከ 30 ሳይጎድል ይወጣል። ጳጉሜን ደግሞ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ናት፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም። አንድ ጣጣ ግን አለው። ብዙ ካሌንደር እዚያው ሳጥን ውስጥ የፈረንጆቹን ቀን በትንሹ ያትማል፤ የግዕዝ ቁጥር የሚጨምርም አለ። ትርፉን አስቀድሞ መሸፈን የአስተማሪዋ ሥራ ነው፣ አለዚያ ልጁ የቱን እንደሚያነብ ግራ ይገባዋል። ኮላ ከሌለ የስንዴ ዱቄት በውሃ በጥብጦ፣ እሳት ላይ እያማሰሉ ማወፈርና ማቀዝቀዝ ነው። ከቀጠነ ወረቀቱን ያጨማድደዋል።

ሌላው ወጥመድ 6 እና 9 ናቸው። ተቆርጠው ጠረጴዛ ላይ ሲበተኑ አንዱ ከሌላው አይለይም። ከሥራቸው መስመር ማስመር ነገሩን ይፈታል። 12 ላይ ደግሞ መቀሱ መሃል ገብቶ 1 እና 2 እንዳያደርጋቸው በሰፊው መክበብ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከኮላው በፊት ያለው ጊዜ ነው። ልጁ መጀመሪያ ካርዶቹን ያለ ኮላ ይደርድር፣ በጣቱ እየነካ ያንብብ፣ ካልመጣለት ይቀያይር። ኮላ አስቀድሞ ከመጣ ስህተቱም አብሮ ይጣበቃል። «8 እዚህ አይደለም» ከማለት ይልቅ «ከ7 ጀምረህ አንብብልኝ እስቲ» ማለት ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ራሱ ያገኘዋል። ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወት ልጅ ድንጋዩን በተራ ከሳጥን ወደ ሳጥን እንደሚያሳልፍ ያውቃል፣ ተራ ጠብቆ መሄድ ባዳ አይሆንበትም።

በተግባር ሲታይ ዘዴው ብዙ ጊዜ ይበላሻል። አስተማሪዋ ሁሉንም ቆርጣ ታመጣለች፣ ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ ያለቀውን ትሰቅላለች፣ ልጆቹ እሱን እያዩ ይለጥፋሉ። እሱ የእጅ ሥራ ነው እንጂ የቁጥር ትምህርት አይደለም። እርግጥ ክፍሉ ሲጨናነቅ መቀስ ማደል ያስፈራል። ጫፉ ዱልዱም መቀስ መግዛትና በየተራ በትንንሽ ቡድን ማሠራት ያስኬዳል። ወላጅም ጫና አለው፤ ከ1 እስከ 100 የተሞላ ደብተር ካላየ ልጁ የተማረ አይመስለውም።

ከአሥር በላይ ሲኬድ ቋንቋውም ይለያል። በአማርኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት እያለ መንገዱ ግልጽ ነው፤ በኦሮምኛም ኩዳ ቶኮ፣ ኩዳ ለማ እያለ እንዲሁ ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ ኢለቨንና ትዌልቭ እንደዚያ አይፈቱም፣ ሰርቲን (13) እና ሰርቲ (30) ደግሞ ለጆሮ ይቀራረባሉ። ስለዚህ ካርዱን መጀመሪያ ቤት በሚነገረው ቋንቋ ማስነበብ ነው የሚያዋጣው። መደርደሩን የለመደ ልጅ መሃሉ የጎደለ ተራ ይሰጠዋል፤ 4፣ ባዶ ቦታ፣ 6። ቀጥሎ ከ10 ወደ 1 መውረድ ይመጣል፣ እዚህ ላይ ዜማው ፈጽሞ አያግዘውም።