የሰሜን ሸዋ እርሻና የወንዝ ሙላት፦ ውሃው የሚደርስበት መሬት እንዴት ይለካል?

ወንዝ ሞልቶ ከዳር ሲወጣ ውሃው የሚደርስበት እርሻ ለጎርፍ ተጋላጭ ይባላል። ይህን መሬት በሄክታር ለመለካት ካርታ፣ የሳተላይት ምስልና የወንዝ መለኪያ መዝገብ ያስፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ከሁሉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ የትኛው ጎርፍ? እዚህ ውሃ እርሻን የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው፤ ቆላ ላይ ወንዝ ሞልቶ ይወጣል፣ ደጋ ላይ ደግሞ ውሃ ማሳው ላይ ይቆማል። ሁለቱን ደምሮ አንድ ቁጥር ማውጣት ለማንም አይጠቅምም።

የምናወራው ደብረ ብርሃንን መቀመጫው ስላደረገው፣ በአማራ ክልል ስላለው ዞን ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ፍቼን ማዕከል ያደረገ ሌላ ሰሜን ሸዋ አለና እንዳይምታታ።

ዞኑን ለሁለት የሚከፍለው በጣርማ በርና በአንኮበር በኩል የሚያልፈው የተራራ ጫፍ ነው። ከጫፉ በስተ ምዕራብ ያለው ደጋ ውሃውን ለዓባይ ይሰጣል። ደብረ ብርሃን አጠገብ የሚያልፈው በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ ይገባል። በስተ ምሥራቅ ያለው ቁልቁል ወደ አዋሽ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃ፣ አጣዬና ከሰም የዚህ ወገን ወንዞች ናቸው።

ጣርማ በር ላይ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ይህን ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ቆላ ሲደርስ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። ቆላው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ደራሽ ጎርፍ መባሉም ለዚህ ነው፤ ሳይታሰብ ይደርሳል፣ በሰዓታት ውስጥ አልፎ ይሄዳል።

ካርታ ላይ ብቻ ያየ ሰው ትልቁ ስጋት ጀማ ይመስለዋል። ጀማ ትልቅ ወንዝ ነው። ነገር ግን በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሄድ አብዛኛው እርሻ ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ሞልቶም አይደርስበትም። በቀወትና በኤፍራታና ግድም ወረዳዎች ያሉት ወንዞች ከጀማ ያንሳሉ፤ ዳርና ዳራቸው ግን ሜዳ ነው፣ ሜዳው ደግሞ እርሻ ነው። ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራበታል፤ በመስኖ ሽንኩርት ይለማበታል። ያ ለም አፈር ራሱ ወንዙ በየዘመኑ ያመጣው ደለል ስለሆነ ገበሬው ትቶት አይሄድም። ስለዚህ የወንዙን ትልቅነት ሳይሆን የዳርቻውን ከፍታ ማየት ይሻላል።

የልኬቱ አካሄድ ሲነገር ቀላል ነው። አንዱ ካርታ ውሃው የሚደርስበትን ያሳያል። ሌላው የታረሰውን መሬት ያሳያል። አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ የሚገናኙበትን ቦታ መቁጠር ነው። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው ግን ምስሉ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ካሬዎች ነው። ጎኑ 30 ሜትር የሆነ ካሬ 900 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ አንድ ሄክታር ውስጥ 11 ገደማ ይገባል። አንድ ጥማድ በአብዛኛው ሩብ ሄክታር ተብሎ ይገመታል፤ ስለዚህ የአንድ ገበሬ ጥማድ ሦስት ካሬ እንኳ አይሞላም። የካሬው ጎን 10 ሜትር በሆነበት ምስል ላይ ግን 25 ካሬ ይሆናል። ለትንንሽ ማሳ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከባዱ የከፍታ ነገር ነው። በብዛት በነፃ የሚገኘው የከፍታ መረጃ በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከጠፈር በራዳር የተለካው ነው። ለተራራ ጥሩ ነው። ሜዳ ላይ ግን በሜትሮች ይስታል። አንድ ሜትር ውሃ ሜዳውን በሚያጥለቀልቅበት ቦታ የሦስት ሜትር ስህተት መላውን ቀበሌ ከደረቅ ወደ ጎርፍ፣ ከጎርፍ ወደ ደረቅ ያዞራል። ሮቢና ጀውሃ ዳር በድሮን ወይም በቅየሳ መሣሪያ እንደገና መለካት ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

የሳተላይት ምስል ሌላው መንገድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ተራ ፎቶ ብዙም አያሳይም። ራዳር ግን ደመናን አልፎ ያያል። እ.ኤ.አ. በ2014 የመጠቀው ሴንቲነል 1 እንዲህ ያለ ሳተላይት ነው። የረጋ ውሃ ምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ችግሩ የገደል ጥላም ጥቁር መሆኑ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ደግሞ ገደል በገደል ነው። ያልተጠነቀቀ ሰው ገደሉን ሐይቅ ያደርገዋል። ደግሞም አንዱ ሳተላይት በዚያው መስመር ተመልሶ የሚመጣው በ12 ቀን ነው። ደራሹ ግን በግማሽ ቀን አልፏል። ስለዚህ ውሃውን ሳይሆን ዱካውን መፈለግ ይበጃል። ሰማዩ በጠራ በጥቅምት ምስል ላይ አዲስ አሸዋ የለበሰ ማሳ ጎልቶ ይታያል።

ከዚያ የድግግሞሽ ጥያቄ ይመጣል። የ10 ዓመት ጎርፍ ሲባል በየዓመቱ ከ10 አንድ የመድረስ ዕድል ያለው ማለት ነው። ዘንድሮ ከመጣ ለዘጠኝ ዓመት ያርፋል ማለት አይደለም። በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 41 በመቶ፣ በ10 ዓመት ውስጥ 65 በመቶ ነው። ይህን ለማስላት የረጅም ዓመት የወንዝ መለኪያ መዝገብ ይፈለጋል። ትልቁ ሙላት መለኪያውን ራሱን ነቅሎ ሊወስድ ስለሚችል፣ በጣም የሚያስፈልገው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከመዝገቡ ይጎድላል። ክፍተቱን የሚሞሉት የወንዙ ዳር ሽማግሌዎች ናቸው። ውሃው የትኛው ዋርካ፣ የትኛው አጥር ድረስ እንደመጣ ያስታውሳሉ። ያንን ቦታ በጂፒኤስ ይዞ ከካርታው ጋር ማስተያየት ከብዙ የኮምፒውተር ሞዴል ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳት ደጋው ላይ ያለው ነው። ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ አካባቢ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ወንዝ ሳይሞላም ክረምቱን ውሃ አቁሮ ይይዛል። ገበሬዎች ከዘመድ ከጎረቤት ሆነው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋፊ መደብ ያወጣሉ፤ ውሃው በመሃል ባለው ቦይ ይወጣል። አድካሚ ሥራ ነው። ያየው ሰው ያከብረዋል። ይህ መሬት በራዳር እንደ ጎርፍ ሊታይ ይችላል፤ መድኃኒቱ ግን የወንዝ ግድብ አይደለም፣ ማጠንፈፊያ ቦይ ነው። ለብቻው መቆጠር አለበት።

ቆላ ላይም ቢሆን ሄክታር ሁሉ እኩል አይደለም። ውሃ ገብቶ ከወጣ ማሽላው ሊተርፍ ይችላል፤ ገና የበቀለ ማሾ ከሆነ ይበሰብሳል። ከሁሉ የከፋው ወንዙ ዳሩን ሲበላው ነው። ያ መሬት በሚቀጥለው ዓመት የለም። በይዞታ ደብተሩ ላይ ግን ስፋቱ እንደተጻፈ ይቆያል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ማሳዎች ካርታ ባገኙባቸው ቀበሌዎች የተበላውን መሬት ከማሳው ካርታ ጋር አስተያይቶ የማን ስንት ጥማድ እንደሄደ ማወቅ ይቻላል። የሚመቸው ጊዜ ጥቅምት ነው፤ ውሃው ጎድሏል፣ የወንዙ አዲሱ ዳር ይታያል፣ እህሉም ገና ማሳው ላይ ነው።