የአጭር ጊዜ ትውስታ ምንድን ነው? ከዕድሜ ጋርስ እንዴት ይለዋወጣል?

ስልካችሁ ላይ የመጣውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ አይታችሁ ሌላ ቦታ እስክትጽፉት ድረስ የምትይዙት በአጭር ጊዜ ትውስታ ነው። መሃል ላይ ሰው ካናገራችሁ በሰከንዶች ውስጥ ብን ብሎ ይጠፋል።

ስንት ነገር ይይዛል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. 7 ገደማ ነው አለ፤ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ነው። ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ካዋን ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ. በልብ መደጋገምና ማቧደን (ነገሮችን በቡድን በቡድን አድርጎ መያዝ) ካልተቻለ ከ4 ብዙም እንደማያልፍ አሳየ።

ልጆች ጋ ቁጥሩ ያንሳል። የ5 ዓመት ልጅ ሰምቶ መልሶ የሚጠራው 4 አሃዝ ገደማ ነው፤ በ7 ዓመቱ 5 ይደርሳል። አዋቂዎች ደረጃ አካባቢ የሚደርሰው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልጅ "ጫማህን አውልቅ፣ ቦርሳህን ስቀል፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ደብተርህን ይዘህ ና" ተብሎ እጁን ብቻ ታጥቦ ቢቆም አትቆጡት። እምቢ ብሎ አይደለም፤ የቀረው ከአእምሮው ወጥቷል። አንድ አንድ እያላችሁ ንገሩት።

አቅሙ የሚያድገው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት 7 ዓመት አካባቢ ልጆች የሰሙትን በውስጣቸው መደጋገም መልመዳቸው ነው። እውቀትም ትልቅ ድርሻ አለው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሚሸሊን ቺ በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት ቼዝ የሚችሉ ልጆች የጠጠሮቹን አቀማመጥ በማስታወስ ጀማሪ አዋቂዎችን በልጠዋል። ቁጥሮችን በማስታወስ ግን አዋቂዎቹ በለጧቸው። ይህን ውጤት በጣም እወደዋለሁ፤ ልጅን በአንድ ፈተና ብቻ መመዘን እንደማያዋጣ ያሳያል።

በእርጅናስ? ብዙ ሰው ሁሉም ነገር እኩል የሚደክም ይመስለዋል። 4፣ 9፣ 2፣ 7 ተብሎ ያንኑ መልሶ መጥራት ለጤነኛ አዛውንት ብዙም አይከብድም፤ ቅነሳው ትንሽ ነው። ይበልጥ የሚከብደው የያዙትን እያገላበጡ መሥራት ነው፦ ለምሳሌ ከኋላ ወደ ፊት 7፣ 2፣ 9፣ 4 ብሎ መጥራት፣ ወይም ሒሳብ እያሰሉ ወሬ መስማት። አእምሮ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ የማይፈለገውን ድምፅና ሐሳብ ገሸሽ ማድረግም ያስቸግረዋል። ስለዚህ ከአዛውንት ጋር ቁም ነገር ስታወሩ ቴሌቪዥኑን አጥፉት፤ ለውጡን ወዲያው ታያላችሁ።

አሁን መልስ የተሰጠበትን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ ወይም በሚያውቁት መንገድ መጥፋት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እሱን "እርጅና ነው" ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።