ከወዳጅ ጋር ሙዚቃ መጫወት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት ውስጥ ጊታር ሲወጣ ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ከሚቀርጹት መካከል መዝፈን ያማረው እንዳለ ማንም አይጠይቅም። ቢጠየቅም መልሱ የታወቀ ነው። «እኔ እንኳ ድምፅ የለኝም።» «ኖታ አላውቅም።» «አሁንማ አለፈብኝ።» ትሕትና ይመስላል። በአብዛኛው ግን የመድረክ መለኪያ ሳሎን ውስጥ ገብቶ የፈጠረው ስህተት ነው። ከጓደኛና ከቤተሰብ ጋር መጫወት የኮንሰርት ታናሽ ወንድም አይደለም። የሚጠይቀው ችሎታ ራሱ ሌላ ነው። እስቲ በተደጋጋሚ የሚሰሙትን እንያቸው።

«ጆሮ የለኝም፣ ድምፄም አይሆንም»

ዜማን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች በእርግጥ አሉ። ሲወለዱ ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነገር ነው፤ አሙዝያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ወደ 20 ሺህ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት መጠኑን 1.5 በመቶ ገደማ አድርጎታል። ከመቶ ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም ማለት ነው። «ጆሮ የለኝም» የሚለውን ሰው ብንቆጥር ግን ስንት እጥፍ ይሆን ነበር!

ቀላል መለያ አለ። የምታውቁትን ዜማ ሌላ ሰው ሲያበላሸው ፊታችሁ ይኮማተራል? እንግዲያው ጆሯችሁ ደህና ነው። የሚያስቸግረው ጆሮ የሰማውን በጉሮሮ ማውጣት ነው። ይህ ደግሞ በልምምድ ይሻሻላል፤ ያልዘፈነ ሰው መቼም አይለምደውም።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘፋኙ ሳይሆን የኪው ነው። ኪ ማለት ዘፈኑ የሚነሳበት የድምፅ ከፍታ ነው። ጊታር የያዘው ሰው እጁ በለመደው ኪ ይጀምራል፤ ወይም ድምፃዊው በቀረጸበት። ለወንድ የተመቸ ኪ ለሴት ወይ በጣም ዝቅ ይላል፣ ወይ አንድ ኦክታቭ (ያው ድምፅ ቀጥሎ በቀጭኑ እስኪደገም ያለው ርቀት) ወደ ላይ ተነስቶ ያስጮኻል። ልጆች ደግሞ ታች መውረድ አይችሉም። ከዚያ ግማሹ ሰው አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ «እኔ አልችልም» ብሎ ይቀመጣል። ማንም ቢሆን ያልተሰፋለትን ልብስ ለብሶ አያምርበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በጣም የሚያፍረውን ሰው የአዝማቹን ከፍተኛ ቦታ እንዲያንጎራጉር ጠይቁት። እሱ ሲመቸው ያ ኪ ነው። ጊታር ላይ ካፖ፣ ማለትም ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫነው መቆንጠጫ፣ እያንዳንዱን ፍሬት (አንገቱን የሚከፋፍለውን የብረት መስመር) ሲወጣ በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ ብዙ ኪቦርዶችም ኪ የሚቀይር ቁልፍ አላቸው። ተጫዋቹ ይልፋ እንጂ ዘፋኙ አይልፋ። በዚህ ነገር ላይ የምደራደር ሰው አይደለሁም።

«ኖታ ሳያነቡ መጫወት አይቻልም»

ፖል ማካርትኒ ኖታ አያነብም። በጃዝ ፒያኖ ስሙ የገነነው ኤሮል ጋርነርም ማንበብ ሳይማር ነው ያለፈው። ኖታ መልካም ነገር ነው። አራት ሆናችሁ የተጻፈ የቫዮሊን ሥራ ልትጫወቱ ካሰባችሁ የግድ ያስፈልጋችኋል። ለሳሎን ግን የኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ስሞች ከግጥሙ በላይ የተጻፉበት አንድ ወረቀት ይበቃል።

እንዲያውም ወረቀቱም ላያስፈልግ ይችላል። እጅግ ብዙ ዘፈኖች በሦስት ኮርድ ይሄዳሉ፦ ከኪው ድምፅ ተነስቶ ሲቆጠር በአንደኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው። ኪው ጂ ከሆነ ጂ፣ ሲ እና ዲ ማለት ነው። ዘፈኑን የሚያውቀው ሰው ቀጣዩን ኮርድ በጣቱ ቁጥር ያሳያል፤ አንድ ጣት፣ አራት ጣት፣ አምስት ጣት። ሌሎቹ እጁን እያዩ ይከተላሉ። ኪው ቢቀየር ቁጥሩ ያው ነው፤ ከኮርድ ስም ይልቅ ቁጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«በልጅነት ያልጀመረ አበቃለት»

እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለ። አንድን ድምፅ ያለ ምንም መነሻ ሰምቶ «ይሄ ኤፍ ነው» ብሎ በስሙ የመጥራት ችሎታ ብርቅ ነው። ያላቸው ሰዎችም በአብዛኛው ሙዚቃ የጀመሩት ገና በጨቅላነታቸው ነው። ጎልማሳ ሆኖ ይህን መያዝ እጅግ ይከብዳል።

ግን ማን ጠየቃችሁ? አብሮ ለመጫወት የሚያስፈልገው የአንዱን ድምፅ ከሌላው ጋር ማነጻጸር ነው። ዜማው ወጣ፣ ወረደ፣ ኮርዱ ተቀየረ ብሎ መስማት። ይህ በማንኛውም ዕድሜ ይለመዳል። ትልቅ ሰው ደግሞ ልጅ የሌለው ነገር አለው፤ ለምን እንደሚለማመድ ያውቃል፣ የሚወዳቸው ዘፈኖችም ጭንቅላቱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ጣቱ ከልጅ ቀስ ብሎ ሊለምድ ይችላል። ለሦስት ኮርድ ግን ማንም ጣት አያንስም።

«ልጆች ሙዚቃ መስማት ያለባቸው ብልህ እንዲሆኑ ነው»

የዚህ ወሬ ምንጭ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጥናት ወጣ። የሞዛርትን ሥራ ለ10 ደቂቃ የሰሙ ተማሪዎች ቅርጽን በሐሳብ በማገላበጥ ፈተና ለጊዜው የተሻለ ውጤት አመጡ ይላል። ልብ በሉ፤ የተፈተኑት 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው፤ አንድም ሕፃን የለበትም። ለውጡም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ነው የቆየው። ወሬው ግን በየአገሩ ዞረ። በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር ለሚወለድ ልጅ ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ እንዲሰጥ በጀት ጠየቁ።

ልጁ ከእናቱ ጋር እየዘፈነ ከሳቀ ምክንያቱ ይበቃል። ሌላ የምስክር ወረቀት አያስፈልገውም።

«መጀመሪያ ጥሩ መሣሪያ ልግዛ»

ክሩ ከአንገቱ በጣም የራቀ ጊታር ጣት ይጎዳል። ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጣም ቅኝቱ ይዛባል። ጀማሪ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ የራሱ ያደርገዋል። ስለዚህ መጥፎ መሣሪያ ችግር ነው፤ አልክድም። ግን መፍትሔው ብዙ ጊዜ ክር መቀየርና የክሩን ከፍታ በሚያውቅ ሰው ማስተካከል ነው። ከዚያ ወዲያ ውድ መሣሪያ የሚያመጣውን ልዩነት ሳሎን ውስጥ ብዙ ሰው አይሰማውም።

ሁሉም የሚሰማው ያልተቃኘ መሣሪያን ነው። ስልክ ላይ ያሉ የቅኝት አፖች ኤ የሚባለውን ድምፅ 440 ኸርዝ አድርገው ይነሳሉ። ልኩ እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ተመረጠ፤ በ1975 ደግሞ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት የአይኤስኦ ደረጃ ሆነ። አንዳንዱ አፕ ይህን ቁጥር ያስቀይራል። አንዱ ሰው ሳያውቅ 432 ላይ ካደረገው ሁለታችሁም «እኔ ቃኝቻለሁ» እያላችሁ ትጨቃጨቃላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ድምፁ ግን ያስጠላል።

ቤቱ ውስጥ አሮጌ ፒያኖ ካለ ደግሞ ሕጉ ይቀየራል። ፒያኖ ከ200 በላይ ክር ስላለው በዚያች ሰዓት የሚቃኝ ነገር አይደለም። ዝቅ ብሎ ከሆነ ሁሉም ወደ እሱ ይውረድ፤ አፑን ዝጉት። ከብርድ የገባ ጊታር ወይም ክራርም ቶሎ አይቃኝ፤ ቤቱን እስኪለምድ ቅኝቱ ይንሸራተታል።

«ሁሉም አንድ ላይ ሲጫወት ይደምቃል»

አይደምቅም፤ ይደፈርሳል። የቤት ሙዚቃ በብዛት የሚበላሸው ችሎታ ሲጎድል ሳይሆን ዝም የሚል ሰው ሲጠፋ ነው።

ሦስት ጊታር ያላቸው ጓደኛሞች አስቡ። ሦስቱም ያንኑ ኮርድ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ምት ይመታሉ። የሚሰማው አንድ ትልቅ ጩኸት ነው። አሁን እንደዚህ ይሞክሩት። ኪው ጂ ነው እንበል። አንደኛው እንደተለመደው ይጫወት። ሁለተኛው ካፖውን አምስተኛ ፍሬት ላይ አድርጎ ዘፈኑን ኪው ዲ እንደሆነ አድርጎ በዲ የጣት አያያዝ ይጫወተው፤ የሚወጣው ድምፅ ያው ጂ ነው፣ ግን ከፍ ብሎ የጠራ። ሦስተኛው ግጥሙ እየተዘፈነ ዝም ይበልና አዝማቹ ላይ ይግባ። ያው ሦስት ሰው፣ ያው ሦስት ጊታር፤ ዘፈኑ ግን ይተነፍሳል።

ኪቦርድና ቤዝ ጊታር ሲገናኙም ተመሳሳይ ጣጣ አለ። ተቀራራቢ የሆኑ ወፍራም ድምፆችን ጆሮ ለይቶ መስማት ይከብደዋል። ቤዝ ካለ የኪቦርዱ ግራ እጅ ይረፍ። ኪቦርድ ተጫዋቾች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ይበላቸው።

የድምፅ መጠንን በተመለከተ አንድ መመሪያ ብቻ አለኝ። ልኩ ያለ ማይክ የሚዘፍነው ሰው ነው። የግጥሙ ቃል ካልተሰማ መሣሪያው በዝቷል።

ድራም ሲገባ ነገሩ የጤናም ይሆናል። ጠባብ ክፍል ውስጥ በዱላ የሚመታ ድራም በቀላሉ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። በሥራ ቦታ ደህንነት ላይ የሚሠራው የአሜሪካ ተቋም ኒዮሽ ለ8 ሰዓት የሚፈቅደው 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል፤ ሦስት አራት ዘፈን ማለት ነው። በዱላ ፈንታ ብሩሽ መጠቀም፣ ወይም ካሆን የሚባለውን ሳጥን ላይ ተቀምጦ በእጅ መምታት ለሳሎን ይበቃል። ድራሙ ካልቀረ የጆሮ መድፈኛ አድርጉ። ተራው ስፖንጅ ቀጫጭን ድምፆችን አብዝቶ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ታፍኖ ይሰማል። ለሙዚቀኞች የተሠራው ሁሉንም በተመጣጠነ መልኩ ይቀንሳል። ለልጆች ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ይሻላል።

«ስንሳሳት ቆም ብለን እንደገና እንጀምር»

ለብቻ ስትለማመዱ አዎ። አብራችሁ ስትጫወቱ በፍጹም። የተሳሳተ ኖታ መጥቶ ያልፋል፤ ምቱ ሲቆም ግን የዘፋኙም የአጨብጫቢውም ስሜት አብሮ ይቆማል። ደግሞ ሁለቴ ከቆማችሁ በኋላ ሰው ዘፈኑን ትቶ ስህተቱን መጠበቅ ይጀምራል።

ለተሳሳተ ሰው የሚያጽናና ነገር አለ። ዘፈኑ የተለመደውን ባለ ሰባት ድምፅ ሜጀር ስኬል (ዶ ሬ ሚ የሚባለውን የድምፅ መሰላል) የሚከተል ከሆነ፣ ከስኬሉ ውጭ ያለ ማንኛውም ኖታ ከትክክለኛው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚርቀው። ጊታር ላይ አንድ ፍሬት። ተንሸራትታችሁ ግቡና አውቃችሁ ያደረጋችሁት አስመስሉት። ከጠፋችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሱ፤ ዘፈኑ ዞሮ አዝማቹ ጋ ሲመጣ ትገናኛላችሁ።

«የማይጫወት ሰው አድማጭ ነው»

መቀበልስ? አንዱ ሲያወጣ ሌላው አንድ መስመር እየደጋገመ ከተቀበለ ሙሉ ሥራ ሠርቷል። ጭብጨባ ብቻ ትንሽ ጥበቃ ይፈልጋል፤ ሲሞቅ ሳይታወቅ ይፈጥናል። ምት የማይለቅ አንድ ሰው ምረጡና ሁሉም እሱን ይይ።

«ኮንሰርት ላይ ምርጡ ቦታ ከፊት ነው»

ለማየት ምርጥ ነው። ለመስማት ግን ብዙ ጊዜ አይደለም። ከመድረኩ ስር የቆመ ሰው የሚሰማው ድራሙንና የመድረኩን አምፕሊፋየሮች ነው። የድምፃዊው ድምፅ የሚወጣባቸው ትልልቅ ስፒከሮች ከጎንና ከላይ ሆነው ከአናቱ በላይ ያልፉታል። ድምፁን የሚያስተካክለው ባለሙያ የሚቆመው አዳራሹ መሐል ሚክሰሩ ጋ ነው፤ የሚያስተካክለውም እዚያ ቦታ ሆኖ በሚሰማው ልክ ነው። ከእሱ አጠገብ ቁሙ። ከቤተሰብ ጋር ለሄደ ሰው እዚያ ግፊያውም ይቀላል።

«በቪዲዮ ጥሪ አብረን እንጫወታለን»

ራቅ ብለው ለሚኖሩ ወዳጆች ይህ የሚያጓጓ ሐሳብ ነው። ችግሩ መዘግየት ነው። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ጓደኛችሁ ድምፅ ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳችኋል፤ ይህን ማንም ልብ አይለውም። መዘግየቱ ወደ 30 ሚሊ ሰከንድ ሲጠጋ ግን አንዱ ሌላውን መጠበቅ ይጀምራል፣ ሌላውም መልሶ ይጠብቃል፤ ዘፈኑ እየተጎተተ ይሄዳል። የተለመደ የቪዲዮ ጥሪ ከዚህ በብዙ ይዘገያል። በዚያ ላይ አንድ ሰው ሲናገር የሌላውን ድምፅ ዝቅ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። የኢንተርኔቱን ፍጥነት ብትጨምሩም ይህ አይጠፋም።

ጃሙለስን የመሰሉ ለዚሁ የተሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። በገመድ የተገናኘ ኢንተርኔትና የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋሉ፤ በሩቅ አህጉር ያለን ሰው ግን እነሱም አያቀርቡትም። ለእሱ የሚሆነው ተራ በተራ መቅረጽ ነው። አንዱ ጊታሩን ቀርጾ ይልካል፣ ሌላው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ ድምፁን ይጨምርበታል፣ ሦስተኛው ምቱን። የመጀመሪያው ቀራጭ አራት ቆጥሮ ይጀምር፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ሰው የት ላይ እንደሚገባ አያውቅም።